ከስምንት ሰዓት በኋላ የት ትሆናለህ?

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አዲስ ፍጥረት ከሆንኩ ጫት ለምን ያምረኛል?» አለኝ። ችኩል መልስ ሰጥቼው ቤቴ ገባሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከብዙ ዓመት በፊት ይህንኑ የጠየቀን ሌላ ልጅ ነበር።

ያ ልጅ እዚህ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ ውስጥ ተሸካሚ ነበር። ጠዋት ኢጃባና፣ ማለትም ዓይን መግለጫ ጫት፤ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ በርጫ፣ ተሰብስቦ መቃም፤ ማታ ጨብሲ፣ ምርቃናውን መስበሪያ መጠጥ። ጌታን በተቀበለ በሁለተኛው ሳምንት ማይክ ሰጠነው። «አሮጌው ነገር አልፎአል» አለ፤ ጉባኤው በእልልታ ተናጋ። በዚያው ሰሞን ዱካክ ያዘው። ያየው ያውቀዋል፦ አንዳች ነገር ደረትህ ላይ ተቀምጦ ያንቅሃል፣ ከገደል ይወረውርሃል፣ በላብ ተጠምቀህ ትነቃለህ። ቀን ደግሞ ይደብትሃል፣ በትንሽ በትልቁ ትቆጣለህ፣ ሥራ እጅህ አይገባም። ለዓመታት በጫት ሲነቃቃ የኖረ አካል ጫቱ ሲቀርበት የሚያደርገው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ሳምንት ይቀልላል።

እኛ ግን ሰይጣን ነው ብለን ሦስት ሌሊት ጮኽንበት። በአራተኛው ዱካኩ ሲመለስ ልጁ ጌታ እንዳልተቀበለው ደመደመ። በማግስቱ አንድ ዙርባ ጫት ገዝቶ ቃመ፤ ያን ሌሊት ሰላም አደረ። ክፉው ነገር ይህ ነው፦ ጫቱ ከጸሎታችን የበለጠ መሰለው። ከዚያ ወዲህ አዌቱ ድልድይ ላይ ካየን ፊቱን አዙሮ ያልፍ ነበር፤ በኋላም ከከተማው ጠፋ። እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ዱካክ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹን ላለማስቀየም ዝም አልኩ።

አልዓዛር ከመቃብር ሲወጣ እጅና እግሩ በመግነዝ እንደታሰረ ነበር። ሕይወቱን ኢየሱስ ሰጠው፤ መግነዙን የመፍታት ሥራ ግን ለቆሙት ሰዎች ተሰጠ፦ «ፍቱትና ይሂድ ተዉት»። እኛ መግነዙን ሳንፈታ እልል ያልን ሰዎች ነን።

በዚህ ነገር ኦነሲሞስ ነሲብ ትዝ ይለኛል። ከኢሉባቦር በልጅነቱ ታፍኖ ተሸጠ፤ እዚሁ ሄርማታም በዚያ ዘመን ሰው ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 ምጽዋ ላይ ነፃ ወጣ፣ በ1872 ተጠመቀ፤ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1899 ነው። ነፃነቱ የአንድ ቀን ነገር ነበር፤ በነፃነቱ የሠራው ሥራ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። የትውልድ ስሙ ሂካ ነው ይባላል፤ በኦሮምኛ «ሂኩ» መፍታትም መተርጎምም ነው።

ስለ ጸሎትና ቃሉን ስለማንበብ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ወር ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻችሁን አትሁኑ፤ የሚፈትነው ሰዓቱ ነው፣ ቅጠሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለቃሚ ጓደኛ «ዛሬ አልመጣም» ማለት አይበቃም፤ ነገ ይደውላል። «ትቻለሁ» በሉት። ማታ ቡና ቀንሱ፤ ጅማ ላይ ይህን ማለት እንደሚያስቅ አውቃለሁ፣ ግን እንቅልፍ ያስፈልጋችኋል። ጨብሲውም አብሮ ይቅር፤ መጠጡን ያቆየ ሰው በማግስቱ ኢጃባና ይፈልጋል። ዱካክ ሲመጣ መብራት አብሩ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጸልዩ፤ ግን ሰይጣን አደረብኝ ብላችሁ አትደንግጡ። በቀን፣ ነቅታችሁ ሳላችሁ ድምፅ ከሰማችሁ፣ ሰው የሚከታተላችሁ ከመሰላችሁ ወይም ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። መድኃኒት እየወሰዱ መጸለይ ይቻላል። አንድ ቀን ብትወድቁ ሳታድሩ ለአንድ ሰው ንገሩ። ያን ልጅ ያጠፋው ያቺ ዙርባ አይደለችም፤ የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው።

ከሙስሊም ቤት የመጣችሁ፣ አዲስ ማንነት ማለት የእናትን ቡና መናቅ አይደለም። ገብታችሁ ጠጡ፣ እጇን ሳሙ።

የዘንድሮ ልጆች እናታቸው ሳትሰማ ቲክቶክ ላይ ይመሰክራሉ። እኔ ስድስት ወር ቆዩ እላለሁ። ሳምራዊቷ ሴት ግን እንስራዋን ጥላ በዚያው ሰዓት ነበር የሮጠችው፤ ለዚህ መልስ የለኝም።

የጫት ዱቤ ካለባችሁ ራሳችሁ ሄዳችሁ አትክፈሉ። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ለምርቃት አንድ እስር ያስይዛችኋል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ጳውሎስ ስለ ፊተኛው፣ ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ኦነሲሞስ፣ ለጌታው ለፊልሞና ሲጽፍ ዕዳውን በእኔ ላይ ቁጠረው ብሏል። እሑድ የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ዱቤህ ስንት እንደሆነና የማን ሱቅ እንደሆነ በወረቀት ጽፈህ አምጣልኝ። ሐሙስ ሄርማታ እወርዳለሁ፤ እኔ እከፍለዋለሁ።