መሳቢያው ውስጥ ያለው ብር የማን ነው?

ጥያቄ

ሰላም እትዬ። ድሬዳዋ ተወልጄ ስላደግኩ አንቱ ማለት አይሆንልኝም፤ አንቺ ልበልሽ። ስድስት ዓመት በሰው ሳሎን ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ፌሻል፣ ሰም፣ ቅንድብ፣ ጥፍር እሠራለሁ፤ ሙሽራም አዘጋጃለሁ። ከአራት ወር በፊት ከዚራ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ የራሴን ጀመርኩ። ኪራዩ በወር 7,000 ብር ነው። ቲን ቁጥርና ንግድ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ደንበኞቼም ተከትለውኝ መጥተዋል፤ ተመስገን ነው።

ግን ብሩ የት እንደሚገባ አላውቅም። ደህና ቀን 1,500 ብር ሠርቼ ማታ መሳቢያው ውስጥ 400 አገኛለሁ። ፌሻል በ350 ነው የምሠራው። አንድ ጣሳ ክሬም 1,800 ገብቷል፤ ሃያ ሰው ይሠራልኛል። ተቀጥሬ ሳለሁ ግብሬን አሠሪዬ ቆርጣ ትከፍል ነበር። አሁን ምን ላይ ተሰልቶ እንደምከፍል አላውቅም። የክሬምና የሰም ወጪ ይቀነስልኛል? አንዲት ረዳት በ4,000 ብር ልቀጥር አስቤያለሁ፤ እሱስ ምን ያስከትልብኛል? እናቴ «ዝም ብለሽ ሥሪ፣ ሲመጡ ያን ጊዜ ታያለሽ» ትለኛለች።

ከከዚራ

መልስ

አንቺ በይኝ አቦ! አንቱ ያልሽኝ ቀን ነው የማዝነው።

1,100 ብሩ የት እንደገባ እኔ ልንገርሽ። ጠዋት ሰም አልቆ ልጅ ልከሽ አስገዝተሻል። ምሳ በልተሻል። ባጃጅ ተሳፍረሻል። የእቁብ ሰብሳቢዋ መጥታለች። የእህትሽ ልጅ ደብተር ብሎ ደጅሽ ቆሟል። አንዷ ደንበኛ ደግሞ «ቀሪውን ቅዳሜ» ብላሽ ሄዳለች፤ አንቺ ግን ሙሉውን እንደተቀበልሽ ቆጥረሽዋል። በምን አወቅሽ ካልሽኝ፣ እኔም ሳቢያን ሰፈር 11 ዓመት ሳሎን ነበረኝ። ሒሳብ የተማርኩት ዘግቼ ነው። አሁን የትናንሽ ሱቆችን ደብተር እይዛለሁ፤ የሁሉም መሳቢያ ያው ነው።

ወደ ግብሩ ልምጣ፤ የገባሽበት ጊዜ ሕጉ የተቀየረበት ነውና። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግብር ከፋይ ሦስት ደረጃ ነበረው፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ከ500,000 ብር በታች የሚሸጠው «ሐ» ይባል ነበር። ሰው አሁንም በአፉ «እኔ እኮ ሐ ነኝ» ይላል። በ2017 የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 1395/2017፣ ደረጃዎቹን ሁለት አደረጋቸው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ «ሀ» ነው። ከዚያ በታች የሚሸጥ ግለሰብ ነጋዴ «ለ» ነው።

አንቺ የት ነሽ? ሁሉ ቀን ደህና ቀን አይሆንም፤ በአማካይ 1,100 ብር ትሠሪያለሽ እንበል። በወር 26 ቀን ብትሠሪ 28,600 ነው። በዓመት 343,200። 2 ሚሊዮን ለመድረስ በየቀኑ ከ6,400 ብር በላይ መሥራት አለብሽ። ስለዚህ «ለ» ነሽ፤ ለጊዜው ከዚያ ንቅንቅ አትዪም።

የ«ለ» ግብር የሚሰላው ከጠቅላላ ሽያጭሽ ላይ ነው። ትርፍሽን አይጠይቅም። ሽያጩ ከፍ ሲል መቶኛውም ከፍ ይላል። ስለዚህ የክሬምና የሰም ጥያቄሽ መልሱ አጭር ነው፤ አይቀነስልሽም። ወጪን በደረሰኝ አስደግፎ መቀነስና በትርፍ ላይ መክፈል የ«ሀ» ወግ ነው። እነሱ ደግሞ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ መያዝ አለባቸው፤ ሽያጫቸው 2 ሚሊዮን ካለፈ ቫትም አለባቸው፣ 15 በመቶ።

እዚህ ላይ ብዙ የውበት ባለሙያ የሚሸወድበት ነገር አለ። ሙሽራ አዘጋጃለሁ ብለሻል። አንዷ ሙሽራ 8,000 ብር ትሰጥሻለች እንበል። ከዚያ ላይ 3,500ውን ሂውማን ሄርና ሽፋሽፍት ትገዢላታለሽ። ኪስሽ የቀረው 4,500 ነው። ግብሩ ግን 8,000ውን ነው የሚያየው፤ ሁሉም በእጅሽ ገብቷላ። በአንድ የጥር ወር አሥር ሙሽራ ብትሠሪ፣ ያላገኘሽው 35,000 ብር ሽያጭሽ ላይ ተደመረ ማለት ነው። መላው ቀላል ነው። ፀጉሯን ራሷ ትግዛ። ታይዋን ገበያ አብረሻት ሂጂ፣ ምረጪላት፣ ተከራከሪላት፤ የምትከፍለው ግን እሷ ትሁን። አንቺ የእጅሽን ዋጋ ብቻ ተቀበይ። ሕጋዊ ነው፣ ማንንም አታለልሽ አያሰኝም። ደግሞ ሙሽራዋ የፀጉሩን ቀለም ብትጠላው ከአንቺ ጋር አትጣላም፤ ይሄኛው እንዲያውም ከግብሩ በላይ ነው።

«ወጪ ካልተቀነሰልኝ ለምን እጽፈዋለሁ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። ለራስሽ ነው። ፌሻልሽን እናስላው። ክሬሙ 1,800 ለሃያ ሰው፣ ለአንድ ሰው 90 ብር። ጥጥ፣ ጓንት፣ ፎጣ ማጠቢያ 30 ብለን እንያዝ። ኪራይ 7,000 ለ26 ቀን ሲካፈል በቀን 270 ገደማ ነው፤ በቀን አምስት ሰው ከሠራሽ ለአንድ ሰው 54። እስካሁን 174 ነው። ረዳቷ ስትጨመር ወደ 34 ብር ትደርብበታለች፤ 208 ሆነ። ከ350ው 142 ቀረሽ። መብራትና ውኃ ገና አልገቡም። የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ግንቦት ላይ ቬንትሌተር ሳይዞር ፊቷን የምትሰጥሽ የለችም። ያቺ 142 ብር አንድ ሰዓት ቆመሽ የሠራሽበት ዋጋ ናት። ይበቃሻል አይበቃሽም አንቺ ታውቂያለሽ፤ ግን አሁን ቢያንስ የምትወስኚበት ቁጥር አለሽ። እኔ 11 ዓመት ሙሉ ዋጋዬን ያወጣሁት ጎረቤት ሳሎን አስጠይቄ አምስት ብር በመቀነስ ነበር። ጎረቤቴም ከእኔ አስጠይቃ ትቀንስ ነበር ለካ።

ማሽን ስትገዢም እንደዚሁ። የፊት እንፋሎት ማሽን 24,000 ብር ብትገዢና አራት ዓመት ያገለግላል ብለሽ ብታስቢ፣ በወር 500 ብር ነው። ያንን 500 በየወሩ ለብቻ ካላስቀመጥሽ፣ ማሽኑ የሞተ ቀን እቁብ ልትለምኚ ነው።

አሁን ስለ ደብተሩ። ይሄን የምነግርሽ በራሴ አፍ ጣጣ ከፍዬበት ነው።

ከፋሲካ በኋላ ነበር፣ ቅዳሜ፣ የሠርግ ሰሞን። ሳሎኔ ውስጥ አሥር ሚዜ ተደርድሯል። ከገቢዎች ሁለት ሰዎች ገቡና በትሕትና ሰላም ብለው የቀን ገቢ ሊገምቱ እንደመጡ ነገሩኝ። «በቀን ስንት ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። ሚዜዎቹ ይሰማሉ። ከመሃላቸው አንዷ የድሮ አሠሪዬ ልጅ ናት። ምን ልበልሽ፣ ጉራዬን ቸረቸርኩ። «አራት ሺህም አምስት ሺህም አለ» አልኩ። ጻፉት። በመጋቢት፣ በጾም፣ ሙሉ ቀን ሁለት ሰው ብቻ የሚገባበትን ጊዜ ማን ይንገራቸው? ግምቱ ሲመጣ ጉልበቴ ከዳኝ። አቤቱታ ጻፍኩ። «ማስረጃ አምጪ» አሉኝ። ማስረጃዬ መሳቢያ ነበር፤ መሳቢያ ደግሞ አይናገርም። ዕዳውን ሁለት ዓመት ከፋፍዬ ጨረስኩት። ማንንም አልወቅስም። የነገርኳቸው እኔው ነኝ።

አንቺም አስቢው። በታኅሣሥ 19 ሰሞን ቁልቢ ከሚሄደው ብዙው በድሬ ሲያልፍ በቀን 3,000 ልትሠሪ ትችያለሽ። ያንን ቀን አይቶ ዓመቱን የሚያበዛ ሰው 936,000 ይልሻል። እውነተኛው 343,200 ነው። ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት ነው። ይሄን የሚያስተካክልልሽ በየቀኑ የተጻፈ ደብተር ብቻ ነው። አንድ ሌሊት በአንድ እስክሪብቶ የተሞላ ደብተር ደግሞ ከሩቅ ያስታውቃል፤ እንዳትሞክሪው።

ምን ትጽፊያለሽ? ቀን፣ የሠራሽው ሥራ፣ የተቀበልሽው ብር፣ በካሽ ይሁን በቴሌብር። ዱቤ ካለ በሌላ ገጽ። በስተግራ ገጽ ወጪ። ታይዋን ላይ ያገኘሽው ዕቃ ሁሉ ደረሰኝ አይኖረውም፤ ካለ ተቀበይ፣ ከሌለም ቀኑንና ዋጋውን ጻፊ። ኪራይሽን በባንክ ላኪ፣ ወረቀቱ ይቀመጥ። ከመሳቢያው የወሰድሽውን፣ ለባጃጅም ለልጁ ደብተርም፣ «ለራሴ» ብለሽ ጻፊው። ይሄ ወጪ አይባልም፤ ከራስሽ ላይ የወሰድሽው ነው። ሲጻፍ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። የእኔ የመጀመሪያ ወር «ለራሴ» ከኪራዬ በልጦ ነበር።

ቴሌብር ካልን፣ የነጋዴ አካውንት ለብቻው አውጪ። የፌሻል ብርና ወንድምሽ ከጅቡቲ የላከልሽ ብር አንድ ስልክ ላይ ከገቡ ሁሉም ሽያጭ ይመስላል። በኋላ ይሄ የወንድሜ ነው፣ ይሄ የጥፍር ነው እያሉ መለየት ራስ ምታት ነው።

በየማታው ደግሞ ከሽያጭሽ ከመቶ 5 ብር አንሥተሽ ለብቻ አስቀምጪ። ይሄ የአዋጅ ቁጥር አይደለም፣ የእኔ ልማድ ነው። እቁብ ላይ አትክተቺው፤ ዕጣሽ የሚወጣበትን ወር አንቺ አትመርጪውም። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይገባል። ሐምሌ ሲጠባ ደብተርሽን ደምረሽ፣ ቲንሽንና ፈቃድሽን ይዘሽ፣ ራስሽ ገቢዎች ሂጂ። በጠዋት ሂጂ፤ እኩለ ቀን ላይ በድሬ ፀሐይ ሰልፍ የቆመ ሰው ያልጠየቁትን ሁሉ ይፈርማል። ከፍለሽ ስትጨርሺ ክሊራንስ፣ ዕዳ የለባትም የሚለውን ወረቀት፣ ውሰጂ፤ ንግድ ፈቃድ ስታሳድሺ እሱን ነው የሚጠይቁሽ።

አንድ ነገር በአጭሩ። ክፍሉን ብትለቂ፣ ብትታመሚ፣ ወይም ለዓመት ጅቡቲ ብትሄጂ፣ ፈቃዱን መልሰሽ ሂጂ። በሩን ቆልፈው ብቻ የሄዱ ልጆች አውቃለሁ። ሲመለሱ ያልሠሩበት ዓመት ዕዳ ጠበቃቸው።

ረዳትሽ ላይ ስደርስ፣ አሁን አሠሪ ልትሆኚ ነው። የቀድሞ አሠሪሽ ላንቺ ታደርግልሽ የነበረውን አንቺ ታደርጊያለሽ። በማሻሻያው መሠረት ከደመወዝ እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለበትም፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ነው። ስለዚህ ከ4,000 ላይ 300 ብር የሥራ ግብር ትቆርጫለሽ። ጡረታ ከእሷ 7 በመቶ፣ 280 ብር። ካንቺ 11 በመቶ፣ 440 ብር። እሷ እጇ ላይ 3,420 ይደርሳታል፤ ካንቺ ኪስ 4,440 ይወጣል። ከላይ ፌሻሉን ያሰላሁት በዚህ ነው፤ 4,440 ለ26 ቀን ለአምስት ሰው። በየወሩ ነው የሚከፈለው፣ ሐምሌን አይጠብቅም። ሳትቀጥሪያት በፊት ሁለቱንም ቁጥር ንገሪያት። «አራት ሺህ ብለሽኝ አልነበር?» የምትል ልጅ ፎጣ ስታጥብ ያስታውቃል። በፐርሰንት ላሠራት ካልሽም የምትሰጫት ደመወዝ ነው፤ ስሙን ስለቀየርሽ ግብሩ አይጠፋም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ሦስት ወር ቆይተሽ ቅጠሪ። መጀመሪያ በደብተሩ ላይ በቀን ስንት ሰው እንደሚገባልሽ እዪ። አምስት ሰው ላንድ ሰው ሥራ ነው። ስምንት ሲሆን ያን ጊዜ ረዳት ያስፈልግሻል። ለሠርግ ሰሞን ብቻ የምትመጣ ልጅም ትገኛለች።

እናትሽን አትቆጫት። የእሷ ዘመን ነጋዴ እንደዚያ ነበር የኖረው፣ ሲመጡ ያን ጊዜ። ግን ስለ እናቶች አንድ የማውቀው አለ። ቀፊራ ገበያ ወርደው አንድ ኪሎ ቲማቲም ሲገዙ ከሰጡት ብር ላይ ሃምሳ ሳንቲም ብትጎድል የጎደለችበትን ጉሊት ተመልሰው ያገኙታል። ስለዚህ ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዢና ማታ ማታ እሷ ትደምርልሽ። አንቺ ቁጥሩን ንገሪያት፣ እሷ ትጻፍ። «ለራሴ» የሚለውን ገጽ ያየች ቀን ግን ተዘጋጂ።