ለወላጆቻችሁ አነስ ያለ ቤት ስትፈልጉ ከስፋቱ በፊት ሰፈሩን እዩ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሳነብ የራሳችንን ቤት ነው ያየሁት። «እናትና አባቴ ጡረታ ወጥተዋል፣ ልጆቹ ሁላችንም ከቤት ወጥተናል፣ ግቢው ከብዷቸዋል። ሸጠን መሀል ሐዋሳ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እንግዛላቸው ወይስ በዚያው ብር ከመሀል ወጣ ብሎ ቱላ በኩል ግቢ ያለው ሰፋ ያለ ቤት?» ነው ያልከው። ብዙዎቹ «ሰፊውን ያዝ፣ መሬት ዋጋው ይጨምራል» ብለው መልሰውልሃል። ልትነግድበት ከሆነ እሺ። ወላጆችህ ሊኖሩበት ከሆነ ግን ሰፈሩን ያዝ። እኛ እንደዛ አድርገን እናቴ ዛሬ ደስ ብሏት ትኖራለች። ቢሮ ውስጥ ያየነውን ፍዳ ደግሞ አንተ እንዳታየው ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ያለው ትልቁ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። አራት መኝታ፣ ከኋላ ሰርቪስ፣ ከፊት ማንጎና አቮካዶ። ዛፎቹን የተከላቸው አባቴ ስለሆነ ማንም እንዲነካቸው አትፈልግም። ቅጠሉን ግን ጎንበስ ብላ የምትጠርገው እሷ ናት፣ ያውም በሚያማት ጉልበት። እንሽጠው የሚለው ላይ ሁላችንም ተስማማን። ጠቡ የተነሳው የት እንግዛ ላይ ነው። ታናሽ እህቴ ቱላ በኩል ትልቅ ግቢ አገኘች። አሜሪካ ያለው ወንድሜም ደገፋት። «እኛ ስንመጣ የት እናድራለን?» ነው የሱ ክርክር። እኔ ደግሞ አንተ የምትመጣው ለአንድ ወር ነው፣ እሷ ግን አሥራ ሁለቱንም ወር ነው የምትኖረው አልኩት። ተቀየመኝ። ያም ሆኖ ሐሳቤን አልቀየርኩም። አንተም ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ካለህ ይሄው ክርክር አይቀርልህም።

አንደኛ፣ ሰፈር ስልህ ፒያሳ ማለቴ አይደለም። ደላላ ሁሉንም ነገር «መሀል ከተማ ነው፣ አምስት ደቂቃ ነው» ይልሃል። አምስት ደቂቃው የባጃጅ ነው። ለእናትህ የሚያስፈልጋቸው የእግር ነው። እኔ ልገዛ ያሰብኩትን ቤት ሁሉ ከእናቴ ጋር በእግር ነው ያየሁት። ከቤቱ በር ተነስተን እስከ ቤተክርስቲያን፣ እስከ ጉሊት፣ እስከ ፋርማሲ። እሷ ሳታርፍ የደረሰችበትን ያዝን፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ፈልጋ የተቀመጠችበትን ተውን። በቃ፣ መለኪያችን ይሄ ነበር። ባጃጅ አለ አትበለኝ። ከመሸ፣ ዝናብ ከጣለ ወይም ነዳጅ ከጠፋ ባጃጁ ይጠፋል፣ ከተገኘም ሹፌሩ የጠራውን ትከፍላለህ። እናቴ የደም ግፊት ክትትል አላት። በየጊዜው አዳሬ ሆስፒታል መሄድ አለባት። ሌሊት ብትታመም ከቱላ ማን ያመጣታል? እህቴ ለዚህ መልስ አልነበራትም።

ገብርኤልም አለ። ለእናቴ ከቤት ወጥቶ ገብርኤል ተሳልሞ መመለስ የቀኑ ግማሽ ሕይወት ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማው በሰው ሲሞላ እሷ ጠዋት ወጥታ በእግሯ ትገባለች። ከሩቅ የመጣ ዘመድም እሷ ጋ ነው የሚያርፈው። ቤቷ ጠበበ ተብሎ የቀረ እንግዳ እስካሁን አላየሁም። ፍራሽ ይነጠፋል፣ ይታደራል።

ሁለተኛ፣ እድር። ይሄን ማንም አላነሳልህም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የማየው እሱን ነው። ወላጆችህ ሠላሳ አርባ ዓመት የከፈሉበት እድር አላቸው። ሰፈር ለቀው ቢሄዱ ስማቸው መዝገብ ላይ ሊቆይ ይችላል። ነገር ግን ከቱላ እየተመላለሱ ለቅሶ መድረስ፣ ስብሰባ መቀመጥ፣ ተራ ሲደርስ ማገልገል በዚያ ዕድሜ አይሆንም። አዲስ እድር መግባት ደግሞ ከማያውቁት ሰው ጋር ከዜሮ መጀመር ነው። እናቴ ኮንዶሚኒየም ከገባች በኋላ አክስቴ አረፈች። ለቅሶው እሷ ጋ ሆነ። «እዚች ጠባብ ቤት ለቅሶ?» ብላ እህቴ አለቀሰች። የእድሩ ሰዎች በብሎኮቹ መሀል ድንኳን ተከሉ፣ አግዳሚውን ደረደሩ፣ የድሮ ጎረቤቶቿ ጀበናና ብርጭቆ በእጃቸው ይዘው በእግራቸው መጡ። ማታ ማታ ሲያጽናኗት አመሹ። ሰፊ ሳሎን አላስፈለገንም። ያስፈለገን ሰው ነበር፣ ሰውም ቅርብ ነበር።

ሐይቅ ዳር የሚያሳዩህ ካሉ ደግሞ ቶሎ አትማረክ። ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ማታ ግን ትንኙ አያስቀምጥም። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ የሚገባበት እንጂ በወንዝ የሚወጣበት የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ውሃው እዚያው ይቀራል። ዝናብ በበዛበት ዓመት ውሃው ከፍ ይላል፣ ዳር ዳር ያለው መሬትም ይረጥባል። ስለዚህ ጎረቤቱን «የሽንት ቤታችሁ ጉድጓድ በክረምት ስንቴ ይመጠጣል?» ብለህ ጠይቅ። ባለቤቱን አትጠይቅ፣ እሱ ሊሸጥልህ ነው የቆመው።

ሦስተኛ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ፎቁ። ሊፍት የለውም። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ረከስ ይላል፣ ለአዛውንት ግን እስር ቤት ነው። ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ፈልግ። ምድር ቤት ከሆነ የፍሳሹን ክዳን አስከፍተህ እይ፣ የላይኞቹ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። የጋራ ማብሰያው ክፍት መሆኑንም እይ። አንዳንዱ ብሎክ ላይ የጋራ ማብሰያው ተዘግቶ የሰው ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፣ ያኔ እንጀራ የሚጋገረው ቤት ውስጥ ነው። እኛ ቀብድ ከመክፈላችን በፊት የራሳችንን ምጣድ ተሸክመን ሄደን ሰካነው። ባለቤቱ ገረመው። ምጣዱ እንደጋለ ብሬከሩ ወረደ፣ መብራቱ ጠፋ። ገመዱን በራሱ ወጪ አስቀይሮ ነው የሸጠልን። በዚህ እስከዛሬ እኮራለሁ።

ዕቃ ደግሞ ለካ። የአባቴ ቡፌ የዋንዛ ነው፣ መስታወት ያለው። ደረጃው ላይ አይዞርም ነበር። ሜትር ይዤ ስለሄድኩ አስቀድሜ አውቄው አናጺ ጠራን፣ ላይኛውን ከታችኛው ለይቶ አመጣው። ዛሬ ሳሎኑን ግማሽ ይዟል፣ እናቴ ግን በየቀኑ ትወለውለዋለች። ሶፋውን ለጎረቤት ሰጠን።

አሁን ወደ ዋናው። ቱላ ያለው ቤት ለምን በዚያ ዋጋ ያን ያህል ሰፊ ሆነ ብለህ ጠይቀሃል? እኔ ጠየቅኩ። ካርታ፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫ፣ የለውም። ያለው ምስክር የፈረመበት ወረቀትና የቀበሌ ማኅተም ብቻ ነው። የገበሬ ቦታ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ የምትገዛው ቤቱን ነው። ቤቱ ያለፈቃድና ያለካርታ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ነገ ይፍረስ ሲባል የምታሳየው ወረቀት የለህም። ቱላ ውስጥ ካርታ ያለው ቤት የለም እያልኩ አይደለም፣ አለ። ዋጋው ግን ደላላው የነገረህ አይደለም። ሁለቱን ስታነጻጽር ካርታ ያለውን ከካርታ ካለው ጋር አወዳድር። ያኔ የስፋቱ ልዩነት እንደ በረዶ ይሟሟል።

የእኛ መከራ ግን የመጣው ከመግዛቱ ሳይሆን ከመሸጡ ነው። እባክህ እዚህ ጋ ረጋ ብለህ አንብብ። የናንተም ቤት የቤተሰብ ስለሆነ ያው ነው። አባቴ ስላረፈ የቤቱ ግማሽ የእናቴ የጋራ ንብረት ድርሻ ነው፣ ግማሹ የኛ የልጆቹ ውርስ ነው። ፍርድ ቤት ሄደን የወራሽነት ማረጋገጫ አወጣን። እሱ በሰላም አለቀ። ከዚያ የሁላችንም ፊርማ ያስፈልጋል ተባለ። ወንድሜ ኤምባሲ ሄዶ ለእኔ ውክልና ላከ። ውክልናው «እንድታስተዳድር፣ በማንኛውም መሥሪያ ቤት እንድትወክለኝ» ይላል። ረጅም ነው፣ ማኅተሙ ብዙ ነው። እኔ ገና ገዢ ሳይገኝ ወረቀቱን ይዤ ውል ወደሚጸድቅበት ቢሮ ሄድኩና ሠራተኛውን ጠየቅኩት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ሙሉ ነው፣ ገዢ ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ገዢ ይዘን ሄድን። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ተራችን ሲደርስ ያው ሠራተኛ፣ ያንኑ ወረቀት አይቶ፣ «በዚህ አትሸጡም» አለ። ለምን ስለው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «መሸጥ የሚል የለበትም። ሕግ አታነቡም እንዴ?» ብሎ ወረቀቱን በመስኮቱ ገፋው። መሬት ላይ ወደቀ። እናቴ ናት ጎንበስ ብላ ያነሳችው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። ማስተዳደር ማለት ማከራየት፣ ማሳደስ፣ ግብር መክፈል ነው፤ መሸጥ በግልጽ መጻፍ አለበት። ግን ይሄን ለማወቅ ብዬ አይደለም እንዴ አስቀድሜ የሄድኩት? አውቆ ይሁን ሳያውቅ «ሙሉ ነው» ያለኝ እሱ ነው። ኃላፊውን ልናገር ስል ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ቢሮው በሩ ክፍት ነበር፣ ወንበሩ ባዶ።

ወንድሜ እንደገና ቀጠሮ ይዞ፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዶ፣ ሩቅ ከተማ ነድቶ ኤምባሲ ሄደ። ኤምባሲ ያጸደቀው ውክልና እዚህ ሲደርስ ደግሞ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። ያ ሁሉ እስኪያልቅ ገዢያችን ቀዘቀዘ። ደላላው በእኛ ፊት «አይዟችሁ» ይላል፣ ዞር ሲል ለገዢው «ተቸግረዋል፣ ቀንስባቸው» ይላል። ገዢው ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ። በዚያ ላይ ሌላ ምክንያት ተገኘለት። በ2004 በወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ሳይሆን ቀድሞ የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፣ ለመሬቱ ለመንግሥት ይከፍላል። «የሊዙን እኔ ልከፍል ነው፣ ስለዚህ ቀንሱ» አለ። ቀነስን። የቀነስነው ብር ለእናቴ የዓመታት አስቤዛ ይሆን ነበር። እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ሁሉም የመጣው ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ባለመኖሩና አንድ ሠራተኛ ወረቀት በወጉ ባለማንበቡ ነው።

ወላጆችህ ሁለቱም በሕይወት ስላሉ እሰየው፣ የውርሱ ጣጣ የለባችሁም። ግን ቤቱ በአባትህ ስም ብቻ ቢሆን እንኳ በጋብቻ ዘመን ያፈሩት ከሆነ የጋራ ነው፣ እናትህም ይፈርማሉ። አንዳቸው ቢሮ መሄድ ካልቻሉና ውክልና ከተሰጠ «ቤቱን እንዲሸጥ፣ ገንዘቡን እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር» የሚሉት ሦስቱም በግልጽ ይጻፉ፣ ከነቤት ቁጥሩና ካርታ ቁጥሩ። ካርታው ላይ ያለው ካሬና አጥሩ የከበበው መሬት እኩል መሆኑንም አስለካ። ትርፍ መሬት ከተገኘ ከገዢ ጋር ከመስማማትህ በፊት ጨርሰው። «ሙሉ ነው» ያለህን ሠራተኛ ደግሞ ስሙን ጠይቀህ ያዝ።

ሰፊው ግቢ የሚሻልበት ጊዜም አለ። ወላጆችህ ከሰርቪስ ኪራይ የሚኖሩ ከሆነ አስቡበት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ከተከፈተ ወዲህ ነጠላ ክፍል የሚከራይ ወጣት አይጠፋም። እናቴም ከሁለት ክፍሎች ታገኝ ነበር፣ ያ ገቢ ቀርቷል፣ እኛ ልጆቿ በየወሩ እናዋጣለን። አባትህ ከጓሯቸው ካልዋሉ የሚታመሙ ዓይነት ሰው ከሆኑም ኮንዶሚኒየም አታስገባቸው። ያኔ ከቱላ በፊት ሞኖፖል በኩል ካርታ ያለው ትንሽ ግቢ ፈልግ፣ ለመሀልም ይቀርባል። ካርታውን አንድ ጠበቃ ሳያየው ግን ቀብድ አትስጥ። የውክልናውን ረቂቅ ኤምባሲ ከመሄዱ በፊት ማየት ከፈለግህ እዚሁ ጻፍልኝ፣ የኛን ሁለተኛውን፣ ቢሮው የተቀበለውን፣ ስሞቹን አጥፍቼ እልክልሃለሁ።