የጓሮዬ ጎመን ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ ለጄኔሬተር ያስቀመጥነው ጀሪካን ተገልብጦ 10 ሊትር ያህል ናፍጣ ጓሮ ውስጥ ፈሰሰ። ከአራት ወር በኋላ ሽታው ሲቀንስ ጎመን ተከልሁበት። ያዘልኝ፤ ነገር ግን የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል። ተመርዞ ነው? ጎረቤቴ «ዩሪያ ጨምሪበት» ትለኛለች። ልስማት? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትዎን ይስሟት፤ ጎመኑን ግን አይብሉት።

ቢጫነቱ ከታች መጀመሩ ብዙ ይነግረኛል። ተክል ናይትሮጅን ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ያበላል። ጎመንዎ ከመመረዙ ይልቅ የተራበ ይመስለኛል። የቀሙትም ናፍጣውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። ናፍጣ ካርቦን የሞላበት፣ ናይትሮጅን ግን የሌለበት ምግብ ነው፤ ወጥ እንደሌለው እንጀራ። የጎደላቸውን ከአፈሩ ይሻማሉ፤ ከጎመን ሥር ይልቅ እነርሱ ይፈጥናሉ።

በ1989 እ.ኤ.አ. ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ድፍድፍ ነዳጅ ባፈሰሰች ጊዜ በባሕሩ ዳርቻ ማዳበሪያ የተረጨው ለዚሁ ነው። ባክቴሪያው እዚያው ነበር፤ ያጣው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነበር። እኔም ሳስተምር ይህን በሁለት ጣሳ አፈር አሳይ ነበር። በሁለቱም አንድ አንድ ማንኪያ ናፍጣ፣ በአንዱ ብቻ ቁንጥር ዩሪያ፣ ማለትም ናይትሮጅን የሞላበት ማዳበሪያ። በስድስተኛው ሳምንት ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ጨፍነው እያሸተቱ ዩሪያ ያለበትን ይለዩት ነበር። ያን ቀን እንደ በዓል እጠብቀው ነበር።

ወደ ልኩ እንምጣ። 10 ሊትር ናፍጣ 7 ኪሎ ያህል ካርቦን አለው። በተለምዶ ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅን ይታሰባል፤ ይህም 700 ግራም፣ በዩሪያ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። ከፊሉ ናፍጣ ተንኖ፣ ከፊሉም ተበልቶ ስላለቀ አንድ ኪሎ ይበቃዎታል። አደራ፣ በአንድ ጊዜ አይበትኑት። ከዩሪያ የሚወጣው አሞኒያ ሲበዛ ራሳቸውን ባክቴሪያዎቹን ይጎዳል። አሞኒያውን ተክል ወደሚመገበው የናይትሮጅን ዓይነት፣ ወደ ናይትሬት፣ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ደግሞ ዘይት ቶሎ የሚጎዳቸው፣ አየር የሚሹና በዝግታ የሚባዙ ናቸው። ሦስት ቦታ ከፍለው በየሦስት ሳምንቱ ይጨምሩ፤ አፈሩንም በየጊዜው ይገልብጡት። ውሃ ከተኛበት አየር ያጣል፤ ያኔ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ጋዝ አድርገው ወደ ሰማይ ይሰዱታል፤ የዩሪያው ገንዘብም አብሮ ይሄዳል።

ከክረምቱ በኋላ ደረቁ አፈር ላይ ውሃ ጠብ ያድርጉ። ሳይሰርግ ከተንከባለለ ዘይቱ ገና አለ። ከሰረገ ጥቂት ባቄላ ለሙከራ ይዝሩ። ሲያብብ አንዱን ነቅለው ሥሩ ላይ ያሉትን ጥቃቅን እብጠቶች በጥፍርዎ ይሰንጥቁ። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ፣ ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙት ባክቴሪያዎች ሥራ ጀምረዋል።