ኤክስፒ ያለበትን ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረግዎ በፊት

በሐረር ሸዋ በር አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላቸው እህታችን፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት ባለ 1 ጊጋባይት ራም ኮምፒውተራቸው ብዙ ድረ ገጾችን አልከፍት ስላላቸው፣ ፎርማት ተደርጎ (በውስጡ ያለው ሁሉ ተሰርዞ) ዊንዶውስ 10 ይጫንበት እንደሆነ ጠይቀዋል። በውስጡ ፓወር ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የተጻፉ የብዙ ዓመት ጽሑፎች አሉ፤ ፕሪንተሩም በባለ 25 ፒን ገመድ የሚሠራ አሮጌ ነው።

እህቴ፣ ኤክስፒው ይቆይ፤ ኢንተርኔቱ ግን ይነቀል። ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲወጣ የሚመከርለት ራም 128 ሜጋባይት ስለነበር በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይሠራል፤ ዊንዶውስ 10 ግን በዚህ ራም ቢጫን እንኳ እጅግ ይንቀራፈፋል፣ ለፕሪንተርዎም ድራይቨር (ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ላይገኝለት ይችላል። ገጾቹ የማይከፈቱት ቲኤልኤስ 1.2 የተባለውን፣ ዛሬ አብዛኞቹ ድረ ገጾች የሚጠይቁትን የምስጠራ ሥርዓት የኤክስፒው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ስለማያውቀው ነው። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ድጋፉን አቁሟል። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ሲሠራጭ ለኤክስፒም ማስተካከያ ቢያወጣም፣ በዚያ መተማመን አይቻልም።

ኢንተርኔቱ ቢነቀልም ደንበኞች የሚያመጡት ፍላሽ ይቀራል። ድሬዳዋ ከዚራ ባለው የጥገና ሱቄ ከጽሕፈት ቤቶች የሚመጡልኝ ኤክስፒ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ በቫይረስ የተያዙት በፍላሽ ነው፤ ስለዚህ ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሣ አውቶራንን ያስጠፉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጽሑፎችዎ ናቸው። የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የአማርኛ ፊደላትን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ስለሆነ፣ ፋይሉ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል፤ ብዙ ሰው ተበላሽቷል ብሎ የደከመበትን ሥራ የሚያጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው። እንግዲህ ሰነዶቹን ከነፎንቶቹ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ፣ ደጋግመው የሚያስፈልጉዎትን ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ያስቀይሩ። የሐረር አየር ከድሬዳዋ ሙቀት ይልቅ ለኮምፒውተር ቢስማማም፣ ይህን ያህል ዓመት የሠራ ሃርድ ዲስክ ሳያስጠነቅቅ ሊቆም ስለሚችል ይህን ለነገ አያሳድሩት። ግልባጩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ አማርኛው በትክክል እስኪነበብ ድረስም ማንም ፎርማት እንዲያደርገው አይፍቀዱ።