«በዘራችን የለም» ማለት ይብቃን

አሜሪካ ከገባሁ 19 ዓመቴ ነው። 15ቱን የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እናት ሆኜ፣ 11ዱን ደግሞ በሆስፒታል አስተርጓሚነት አሳልፌያለሁ። የታመመ ልጅ ያላቸው አዲስ መጪ ወላጆች እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ውስጥ ተራ በተራ ሲገቡ አያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ብቆጣ አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት

ልጃችሁ ሦስት ዓመት ካልሞላው ኧርሊ ኢንተርቬንሽን የሚባለውን የሕፃናት እድገት ድጋፍ ጠይቁ፤ ሦስት ሲሞላው ትምህርት ቤት ይረከበዋል። ለሜዲኬይድም፣ ለመንግሥት የጤና መድን ማለት ነው፣ አመልክቱ። ይኸው ነው። በወረቀት ጉዳይ አበሻ ሰነፍ ሲሆን አላየሁም።

2. አስተርጓሚ

ነፃ ነው፤ መብታችሁም ነው። ትልቁን ልጃችሁን አታስተርጉሙት። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሐኪሙ የተናገረውን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ እናቱን «ደህና ነው አለ» ሲላት ሰምቻለሁ። ሐኪሙ እንደዚያ አላለም። ልጁ እናቱን ማስለቀስ ፈርቶ ነው። አስተርጓሚዋ የሰፈር ሰው ሆና ጉዳችንን ታወራለች ብላችሁ ከሰጋችሁ ደግሞ በስልክ ከሌላ ከተማ ይምጣልን በሉ። ይመጣል።

3. «ደንግጦ ነው»

ልጄ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ጭኑና ጀርባው ላይ ነጣ ያሉ፣ ቅጠል የሚመስሉ ነጥቦች ነበሩት። አማቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ነጥቦቹን አይታ «ማርያም ስማዋለች» አለች። እኔም ደስ አለኝ፤ አራቱንም ሳምኳቸው።

አምስት ወር ሲሆነው ከእንቅልፉ በነቃ ቁጥር አንድ ነገር ማድረግ ጀመረ። ጭንቅላቱ ወደ ፊት ነቅነቅ፣ እጆቹ ዘርጋ፣ ጉልበቱ ወደ ሆዱ ሰብሰብ። አንድ ሁለት ሰከንድ ነው። ፋታ ይሰጠውና ይደግመዋል። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። አማቴ «ደንግጦ ነው» አለች። ከዚያ ቁርጠት ነው ተባለ። ጤና አዳም አፈላንለት። ስድስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

በነዚያ ሳምንታት ውስጥ ልጄ መሳቅ አቆመ። ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ ፎቶዎቹን ወደ ኋላ ሳይ።

በመጨረሻ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «በስልክሽ ቅረጪውና ለሐኪም አሳዪ» አለችኝ። የሕፃናት ሐኪሙ ቪዲዮውን ግማሽ ደቂቃ እንኳ አላየውም። «አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ» አለን። ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ሞገድ ምርመራ አደረጉለት፤ ቀጥሎ ኤምአርአይ። ከዚያ ስሙን ነገሩን፦ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ። ቡርንቪል የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880 አንጎል ላይ ያገኛቸውን ጠጣር እብጠቶች ድንች ከመሰለ ሥር ጋር ስላመሳሰላቸው ነው ስሙ የወጣው። ከ6,000 ልጆች አንዱ ያህል ይዞት ይወለዳል፤ አብዛኞቹም የሚጥል በሽታ ይይዛቸዋል። ያ «ድንጋጤ» ራሱ የሚጥል በሽታ ነበር። ጨቅላን ሲይዝ ሁልጊዜ አያንፈራፍርም፤ እንዲህም ይመስላል። እየቆየ ግን የአንጎልን እድገት ሊያቆም ይችላል።

ማርያም የሳመቻቸው ነጥቦችም የበሽታው ምልክት ነበሩ። የፈረንጅ ልጅ ላይ ሐኪሞች በልዩ መብራት ነው የሚፈልጓቸው። የኛ ልጆች ቆዳ ላይ በዓይን ይታያሉ! ሦስትና ከዚያ በላይ ካያችሁ ለሐኪሙ አሳዩ። አንድ ነጥብ ብቻ ከሆነ ብዙ ጤነኛ ልጅ አለው፤ አትሸበሩ።

ቪጋባትሪን የሚባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ልጄ ሊወለድ አንድ ዓመት ሲቀረው። በዚህ በሽታ ለሚመጣው የጨቅላ መጣል ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ነው። የዳር እይታን ሊጎዳ ስለሚችል ዓይን ይመረመራል፤ «ዓይኑን ሊያጠፉብኝ ነው» ብላችሁ ግን አትሽሹ። ለልጄ በአሥር ቀን አቆመለት። ዛሬ 15 ዓመቱ ነው። የሚናገራቸውን ቃላት በጣቶቼ እቆጥራቸዋለሁ። ስድስቱ ሳምንት ባይባክን ኖሮ ይናገር ነበር ወይ? እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረኝ ሐኪም የለም። ሌሊት ግን እቆጥራለሁ።

4. ጠበል

ሃይማኖቴን አትንኪ እንዳትሉኝ፤ ዛሬም አስጠምቀዋለሁ። ኪኒኑን ውጦ ነው የሚጠመቀው።

እንዲህ ከማለቴ በፊት ግን ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ሦስት ዓመት ሲሆነው ሌላ ዓይነት መጣል ጀመረውና አገር ቤት ጠበል ወሰድኩት። እዚያ ያገኘሁት አንድ ሰው «መድኃኒቱን ካልተውሽ ጠበሉ አይሠራም» አለኝ። ካህን አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁትም። ሰኞ አቆምኩ። ሐሙስ ለሊት ልጄ 40 ደቂቃ ተንቀጠቀጠ። ኮንትራት ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አስተኝቼው፣ ሾፌሩ እያለቀሰ ነዳ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም የሚሆነው ይኸው ነው፤ በዚያ የሚሞትም አለ።

አቡነ ጳውሎስ እኮ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንዲወሰዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ፓትርያርኩ የፈቀዱትን አንድ መንገደኛ ሲከለክለኝ እሺ ያልኩት ለምን ነበር? እስካሁን አልገባኝም። ለቁርባን ብላችሁም የጠዋቱን መድኃኒት አታስዘልሉ፤ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፣ ሰዓቱንም ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። አገር ቤት ስትሄዱ ደግሞ ለቆይታችሁ የሚበቃውንና ለተጨማሪ ሳምንታት የሚሆነውን መድኃኒት በእጅ ሻንጣ ያዙ። ሲመለስ አውሮፕላን ያዘገየው ሰው ስንት ነው!

ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይቅር። ማንኪያም አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ምላሱን አይውጥም። በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፤ አምስት ደቂቃ ካለፈ 911 ደውሉ። ገንዳ ውስጥ ብቻውን አይታጠብ።

5. ዘር

እዚህ ላይ ነው የምናደደው።

«ጄኔቲክ» ሲባል አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው «የዘር» የሚለው ነው። ዘር ደግሞ በኛ ቤት ቀላል ቃል አይደለም። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርበታል፤ አጥንት ይጠራበታል። ሐኪሙ ስለ አንዲት ደቃቅ ግድፈት ያወራል፤ ወላጆቹ ስለ ቅድመ አያቶቻቸው ተጣልተው ይወጣሉ።

የኔም ቤት እንደዚያው ሆነ። አማቴ «በኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብላ አለቀሰች። እናቴ በስልክ «ከነሱ ነው፤ የደበቁት ሰው ይኖራል» አለች። እኔና ባሌ ለሦስት ወር ከ«ወተት ግዛ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። ልጁ አልጋው ላይ ሆኖ ያየናል። የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ ከሁለታችንም አልነበረም።

ስሙ፤ ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ካለባቸው ልጆች ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ ከእናትም ከአባትም አልወረሱትም። ቲኤስሲ 1 እና ቲኤስሲ 2 የሚባሉ፣ የሰውነት መመሪያ የተጻፈባቸው ሁለት ዘረ-መሎች አሉ። ሥራቸው ሕዋስ ከልክ በላይ እንዳያድግ ፍሬን መያዝ ነው። ከሁለቱ በአንዱ ላይ ግድፈት ይፈጠራል፤ ፍሬኑም ይበጠሳል። እርግማን የለበትም፣ የሰው ዓይን የለበትም፣ ስታረግዢ የበላሽው ነገር የለበትም። ቀሪው አንድ ሦስተኛ ከወላጅ የመጣ ነው። ያ ወላጅ ሁለት ሦስት ነጥብ ብቻ ኖሮት፣ አንድም ቀን ሳይጥለው፣ ሳያውቅ የኖረ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ለሚወለደው ለእያንዳንዱ ልጅ 50 በመቶ ዕድል አለ። ሁለታችሁም ነፃ ብትሆኑ እንኳ ትንሽ ዕድል ይቀራል። ስለዚህ ተመርመሩ! ቀጣዩን ስታረግዙ የፅንሱ ልብ ላይ የበሽታው ምልክት እንዳለ በአልትራሳውንድ ይታያል፤ ከተወለደም ገና ሳይጥለው ይከታተሉታል። እኔ ያጣሁትን ስድስት ሳምንት እናንተ ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ።

ስሙን ማወቅ መድኃኒትም ያመጣል። ልጄ የሚወስደው ኤቨሮሊመስ ያንኑ የተበጠሰ ፍሬን ተክቶ የሚሠራ ነው፤ ለዚህ በሽታ መጣል አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ምርመራውን የፈራ ሰው ይህን ማን ያዝለታል? አንዳንድ ወላጆች ምርመራውን የሚፈሩት ደግሞ ስለ ታማሚው ልጃቸው ታላቅ እህት ጋብቻ ነው። እህቱ ሰባት ዓመቷ ነው እኮ! ልጁን ልደት ላይ አያመጡትም፣ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ይቆማሉ፣ ሰው ሲመጣ መኝታ ቤት ይዘጋበታል። ሞግዚቷ እንኳ ስለማታውቅ የሚጥለው ቀን ምን እንደምታደርግ አልተነገራትም።

ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ባልና ሚስት የስድስት ወር ሴት ልጅ ይዘው ወደማስተረጉምበት ክሊኒክ መጡ። ቪዲዮም ቀርጸው ነበር፤ ጎበዞች። የቀኑ መጨረሻ ነበር፣ ደክሞኛል። ሐኪሟ «ጄኔቲክ» አለች። እኔ ራሴ የተቃጠልኩበትን ቃል ተናገርኩ፦ «በዘር የሚመጣ ነው»። አባትየው ኮቱን አነሳ። «በኛ ዘር የለም፤ ተሳስታችኋል በያቸው» አለኝ። እናትየው ልጅቷን በነጠላዋ ሸፈነቻት። ቀጠሮ ተሰጣቸው። አልመጡም። ክሊኒኩ ደወለ፤ አላነሱም። እኔ ስልካቸውን ፈልጌ እንድደውል ደንቡ አይፈቅድልኝም።

አሁን እንደዚያ አልተረጉምም። ሐኪሙን አስፈቅጄ «የሰውነቱ መመሪያ የተጻፈበት ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል፤ ከማን እንደመጣ ገና አይታወቅም፤ ብዙ ጊዜ ከማንም አይደለም» እላለሁ። ረዘም ይላል። አንዳንዱ ሐኪም ሰዓቱን ያያል። ይየው።