ላፕቶፑ ከስሊፕ ሲነሳ ዋይፋይ ለሚጠፋብህ

ሪስታርት ስታረገው ብቻ የሚመለስልህ ከሆነ ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ የዋይፋይ ካርዱን (ላፕቶፑን ከዋይፋይ የሚያገናኘውን ክፍል) እያጠፋብህ ሊሆን ይችላል። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ አርገህ ዲቫይስ ማናጀር ግባ፣ ኔትወርክ አዳፕተርስን ክፈትና የዋይፋይ ካርድህን ሁለቴ ክሊክ አርገው፣ ከላይ ፓወር ማኔጅመንት የሚል ታብ አለ፣ እዛ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሳጥን ላይ ያለችውን የራይት ምልክት (✓) አጥፍተህ ኦኬ በል፣ ኮምፒውተሩ ካርዱን እንዲያጠፋው የምትፈቅደው እሷ ናት።

ታቡን ካጣኸው አትደንግጥ፣ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፣ ያኔ ከላፕቶፑ አምራች ሳይት አዲሱን የዋይፋይ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አውርደህ ጫን።

አንድ ነገር ግን ልብ በል፣ ድራይቨር አፕዴት ሲደረግ ራይቷ ራሷ ተመልሳ ልትገባ ትችላለች፣ ስለዚህ ችግሩ በድንገት ከተመለሰ ካርዱ ተበላሽቷል ብለህ ብር ከማውጣትህ በፊት መጀመሪያ እሷን እይ።