የዓለም ጦርነት መቼ «አበቃ»? የቬርሳይ ውልስ «ዕርቅ» ነው?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መቼ አበቃ በሚለው ተከራከሩ። አንዱ በ1918፣ ሌላዋ በ1919 ትላለች፣ ሁለቱም የፈረንጁን ይዘው ነው። የጥያቄው መልስ መስጫ ላይ ደግሞ ‹በቬርሳይ ዕርቅ ተጠናቀቀ› የሚል አለ። የትኛውን ልክ ልበል? ዕርቅ ማለትስ ይቻላል? የሚጻፈውስ በየትኛው ‹እ› ነው?»

መልስ፦ መምህርት፣ ሁለቱም ልጆች ልክ ናቸው። ያከራከራቸው «አበቃ» የሚለው ግስ ነው። ተኩስ ሲቆምም አበቃ እንላለን፣ አንዱ ሲሸነፍም አበቃ እንላለን፣ ውል ሲፈረምም እንደዚያው። ለጨዋታ ችግር የለውም። ለታሪክ ክፍል ግን አይሆንም፤ ትልልቅ ጦርነቶች በአንድ ቀን አያልቁማ። መጀመሪያ ተኩስ ይቆማል ወይም አንዱ ወገን እጅ ይሰጣል፣ ከዚያ ወራት አንዳንዴም ዓመታት ቆይቶ ውል ይፈረማል፣ ዕርቅ ደግሞ ከመጣ የሚመጣው ከዚያም በኋላ ነው። አማርኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል አለው። ቃሉ እያለ ለምን እናምታታው?

ከቀኑ እንጀምር። 1918 ያለው ልጅ ያሰበው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቀን የጀርመን መልእክተኞች ፈረንሳይ ውስጥ ኮምፒየኝ ጫካ ላይ፣ በቆመ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠው ተኩስ ለማቆም ፈረሙ። 1919 ያለችው ደግሞ አሸናፊዎቹ አገሮች ከጀርመን ጋር የተፈራረሙትን የቬርሳይን የሰላም ውል አስባ ነው፤ እሱ የተፈረመው ሰኔ 21 ቀን 1911 ዓ.ም. ነው። አዩት? በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም 1911 ላይ ናቸው። በኅዳርና በሰኔ መካከል ዓመቱ የተለወጠው ለፈረንጆቹ ነው እንጂ ለእኛ አይደለም። ስለዚህ ልጆቹ በአገራቸው ዘመን ቢቆጥሩ ኖሮ ጥሉም አይነሳም ነበር፤ ግን ያኔም ቢሆን የቱን ማለታቸው እንደሆነ መናገር ነበረባቸው። ውሉ በሥራ ላይ የዋለው ደግሞ ጥር 1 ቀን 1912 ነው፣ ይኼን ሦስተኛ ቀን አድርገው ይያዙት።

ሰዓቱም ያሳስታል። ፈረንጆቹ «በ11ኛው ወር፣ በ11ኛው ቀን፣ በ11ኛው ሰዓት» እያሉ ያስታውሱታል። ይኼን እንዳለ ወደ አማርኛ ገልብጦ «በ11 ሰዓት ተኩስ ቆመ» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ አያለሁ። በእኛ አነጋገር ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ፀሐይ ወደ ጣና ማዶ ስታዘቀዝቅ ነው። ተኩሱ የቆመው ግን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ነው። የሚገርመው፣ ስምምነቱ የተፈረመው ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱን ያልቀየረ ተርጓሚ መፈረሙን ከመቆሙ ጋር አቀያየረው ማለት ነው። ወሩም ቢሆን ኅዳር ለእኛ ሦስተኛ እንጂ 11ኛ አይደለም። (በነገራችን ላይ፣ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ አገሩን የፈጀው በዚያው በ1911 ኅዳር ነው። «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው በዚያ መታሰቢያ ነው። ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው፣ ቀኑን አይረሱትም።)

አሁን ወደ ቃላቱ። «ተኩስ አቁም» ትእዛዝ ነበር፣ አሁን ስም ሆኗል፣ እኔ ቅር አይለኝም። መልእክቱ ግን ጠባብ ነው፦ ጠመንጃው ዝም አለ፣ ጠቡ አልተፈታም። የኮምፒየኙ መጀመሪያ ለ36 ቀን ብቻ የተፈረመ ነበር፣ ከዚያ እየታደሰ ነው እስከ ቬርሳይ የደረሰው። ስለዚህ ለኅዳር 2 «ተኩስ ቆመ» ወይም «ውጊያው ቆመ» ይበሉ። የኮሪያውን ጦርነትም ያስቡት፤ ቃኘው ሻለቃ የተዋጋበት ያ ጦርነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆመበት እንጂ እስከ ዛሬ የሰላም ውል አልተፈረመበትም።

«እጅ ሰጠ» ሌላ ነው። እዚህ ላይ አሸናፊና ተሸናፊ ተለይቷል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በዚህ ቃል ነው የሚነገረው፦ ጀርመን ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ ሰጠች፣ የአውሮፓው ውጊያም ሚያዝያ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. ቆመ። ጃፓን ደግሞ ነሐሴ 27 ቀን 1937 ሚዙሪ በተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ፈረመች። አንዳንዱ «ጃፓን ተማረከች» ይላል። አይሆንም፤ የሚማረክ ሰው ነው፣ ሠራዊት ነው። አገር እጅ ትሰጣለች።

ውሉስ? ከጃፓን ጋር የሰላም ውል የተፈረመው ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው፣ ኢትዮጵያም ፈርማለች። ሶቭየት ኅብረት አልፈረመችም፤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1956 ከጃፓን ጋር በጋራ መግለጫ የጦርነቱን ሁኔታ አስቀሩ፣ የሰላም ውል ግን እስካሁን የላቸውም። ለጀርመንማ የመጨረሻው ውል እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየ። ታዲያ «ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1937 አበቃ» ብሎ ብቻ ያለፈ ተማሪ የታሪኩን ግማሽ ነው የነገረን።

ወደ ራሳችን ስንመጣም ይኸው ነው። ከዚህ ከጣና በስተሰሜን፣ ጎንደር ላይ የነበረው የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን የሰላሙን ውል የፈረመችው ግን ፓሪስ ላይ የካቲት 3 ቀን 1939 ነው። ከአምስት ዓመት በላይ! በዚያ ውል የኢትዮጵያን ነፃነት አወቀች፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ልትከፍል ተስማማች፣ የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ልትመልስ ቃል ገባች። የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። ውል መፈረምና ውል መጠበቅም ሁለት ነገር እንደሆኑ ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ዋናው፣ «ዕርቅ»። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምከራከረው። በእኛ አገር ደም ሲፈስ ሽማግሌ መሐል ይገባል። ገዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ የሟች ወገን ይቀበላል፣ ይማማላሉ፣ ያኔ «ደም ደረቀ» ይባላል። የሟችም የገዳይም ልጆች ከዚያ ወዲያ በአንድ ገበያ ይውላሉ። ዕርቅ የሚለው ቃል ይኼን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱም ካልወደዱ ዕርቅ አይባልም። ቬርሳይ ላይ የሆነው ሌላ ነው። የጀርመን ልዑካን ከአሸናፊዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው እንዲደራደሩ አልተፈቀደላቸውም፤ ረቂቁ ተሰጣቸው፣ ቅሬታቸውን በጽሑፍ አቀረቡ፣ በመጨረሻ ፈርሙ አለበለዚያ ጦርነቱ ይቀጥላል ተባሉ። የውሉ አንቀጽ 231 የጦርነቱን ኃላፊነት በጀርመንና በአጋሮቿ ላይ ጣለ። ካሣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1921 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ሆኖ ተቆረጠ። ካሣ የሚለው ቃል ሁለቱም ጋ አለ፣ ግን አንዱ ጠብ የሚዘጋ ነው፣ ሌላው ቂም ያሳደረ። ውሉ ከተፈረመ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ ያው አውሮፓ ተመልሶ ጦርነት ገባ። ይኼን ዕርቅ ብለን ልጅ ካስተማርን ታሪኩንም ቃሉንም አበላሸን።

«የቬርሳይ ስምምነት» የሚለው በመጻሕፍት ስለገባ አልነቅለውም። ቢሆንም ስምምነት ሁለቱም ወገን የተስማማ ያስመስላል። «የቬርሳይ ውል» ቢሉ ይሻላል፤ ውል ሳይወዱም ይፈረማል፣ ከተፈረመ ግን ያስራል። ባሕር ዳር የኖረ ሰው «ተኩስ ቆመ» እና «ሰላም ወረደ» አንድ እንዳልሆኑ ማንም አያስረዳውም፣ ያውቀዋል። ልጆቹም ከቤታቸው ይዘውት የመጡት እውቀት ነው፣ ክፍል ውስጥ አናስጥላቸው።

ለመልስ መስጫው እንዲህ ቢጽፉስ፦ «የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ውጊያ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. በተኩስ አቁም ቆመ፤ ከጀርመን ጋር የነበረው ጦርነት ሰኔ 21 ቀን 1911 ዓ.ም. በተፈረመው የቬርሳይ የሰላም ውል ተቋጨ።» «ከጀርመን ጋር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ኦስትሪያ፣ ቡልጋሪያ፣ ሀንጋሪና ቱርክ የየራሳቸው ውል ነበራቸው።

የፊደሉ ጥያቄ ቀላል ነው። ግእዙ በዐይኑ ዐ ነው፣ ስለዚህ «ዕርቅ»፣ «ዕርቀ ሰላም» ተብሎ ይጻፋል። ዛሬ ግን በጋዜጣውም በመጽሐፉም «እርቅ» ሞልቷል፣ ንባቡም አንድ ነው። ተማሪ «እርቅ» ብሎ ቢጽፍ ነጥብ አይቀንሱበት። መልስ መስጫውን ግን ያስተካክሉት።